አስር እስኪቆጠር

ጥቅምት 9

ለወንድሜ፦

ይህ ወረቀት ብርዱ ሳይጠናብህ፣ ጤናህም ሳይጓደል ያግኝህ። እኛ ቤት ሁሉም ደህና ነው። ደህና ያልሆነ ነገር ቢኖር የእናቴ ጉልበት ነው፤ እሱም ያንተ ደብዳቤ በመጣ ቀን ይድናል። ባለፈው ሳምንት ሦስት ፎቅ ወርዳ ለጎረቤቱ ሁሉ አንብባልህ፣ ሦስት ፎቅ ወጥታ መጣች። ከሥራ ስገባ «ደረጃው ጨረሰኝ፣ እስቲ እግሬን እሺኝ» አለችኝ። ደስታው ያንተ፣ እግሩ የኔ። ላማርር አይደለም፤ አስራ ስምንት ዓመት ለምጄዋለሁ።

ከእንግዲህ በትልልቅ ፊደል ጻፍ። መነጽር ግዢ ስላት «መነጽር ያስረጃል» ብላኛለች።

እኔ ከመስከረም ጀምሮ የፈረቃ ኃላፊ ሆኛለሁ። ስነግራት «ጎሽ» አለችና ያንተን ደብዳቤ ለሦስተኛ ጊዜ ማንበቧን ቀጠለች። ፋብሪካው ያው ነው። ደረቁን ሳሙና ትተን አሁን የምንሠራው ፈሳሹን ነው። ፈረቃው ሲያልቅ ታንከሩ ይታጠባል፤ የመጨረሻውን እጣቢ ውሃ በጠርሙስ ያመጡልኛል። በኃይል እንጠውና እስከ አስር እቆጥራለሁ። አረፋው ከአስር በፊት ከጠፋ ታንከሩ ጠርቷል፤ ከቆየ አጠባው ይደገማል። ንጹህ ውሃ አረፋ አይዝም። ዘዴው የኔ አይደለም፣ ከኔ በፊት ከነበሩት ሽማግሌ የወረስኩት ነው። ሠራተኞቹ «እትዬ አስር» ይሉኛል አሉ፤ ፊት ለፊት ግን አይደፍሩም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሳሙናው ሲወፍርብን ለማቅጠን ውሃ እንጨምርበታለን። እሱ ይብሱን ይጠጥራል፤ ማንኪያ ያቆማል። የሚፈታው ብዙ ውሃ ሲገባበት ነው፤ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ እምቢ ብሎ ቱቦው አንገት ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ውሃ ለምን ያጠጥረዋል? ያንተ ሙያ የለስላሳ ነገር ፊዚክስ አይደል? በአንድ ጠረጴዛ ተምረን፣ ለአንድ ቦታ አንድ ፈተና ተቀምጠን፣ በሁለት ነጥብ በልጠኸኝ የሄድክበት ትምህርት ለዚህ መልስ አያጣም።

ስቀልድ ነው።

በስምንት ወር ታላቅህ


ኅዳር 3

ለታላቄ፦

ለአንቺም ለእናታችንም ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ጉልበቷን ስታሺ ስለ እኔም አንዴ እሺልኝ። ለሹመትሽ እንኳን ደስ ያለሽ።

እንደምታዪው ፊደሌን አተልቄያለሁ፤ ወረቀቱ በሦስት እጥፍ በዛ። «የወንድምሽ ልጅ ምን ይሠራል?» ለሚሏት እናታችን ይህን ትበልልኝ። ሰውነታችን የተሠራው ከሕዋሳት ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ በቀጭን ሽፋን ተጠቅልሏል። ሽፋኑ ስብ ነው፤ ሁለት ሞለኪውል ብቻ የሚወፍር። እኔ ከዚያው ስብ ባዶ ከረጢት እሠራለሁ፤ ሕይወት የለውም፣ ከፀጉር ይቀጥናል። በማይክሮስኮፕ እያየሁ በመስታወት ቱቦ ጫፍ ቀስ ብዬ እስበዋለሁ፤ ምን ያህል እንደሚለጠጥ እለካለሁ። አስራ አንድ ዓመት የሠራሁት በአጭሩ ይህ ነው፤ የሌለ ሕዋስ ቆዳ መጎተት።

አሁን ግን አንድ ነገር አግኝቻለሁ። አንድ ፕሮቲን ጠብ ሳደርግበት ከረጢቱ በሦስት እጥፍ ይለሰልሳል። ይህን ያህል ሲለሰልስ ማንም አላየም። እውነት ከሆነ፣ ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ቆዳውን እንዴት እንደሚያጥፍ ይነግረናል። ጽፌ ለአንድ የሳይንስ መጽሔት ልኬዋለሁ።

ለአንቺ ብቻ የምነግርሽ ደግሞ አለ። አጠገቤ የሚሠራ ሰው አለ፤ ዘወትር አረንጓዴ ሹራብ ስለሚለብስ ሹራቡ ልበልልሽ። ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል። በቅርቡ አንድ ቋሚ ቦታ ይከፈታል፤ አመልካቾቹ እኔና እሱ ነን። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ግን ሲያፏጭ ከሰማሁ «ምን አግኝቶ ነው?» እያልኩ ቀኑን ሙሉ ሥራ አልሠራም። እሱ ሲስል እንኳ ያሳስበኛል።

ሌላው ጣጣ፣ ብርጭቆና ጠርሙስ የሚያጥቡልን ሴትዮ አምና ጡረታ ወጡ። እሳቸው በፈላ ውሃ ነበር የሚያጥቡት። አሁን እያንዳንዳችን የራሳችንን እናጥባለን፤ ያውም ጣት በሚያደነዝዝ የቧንቧ ውሃ። ፕሮቲኑን የማስቀምጥባቸው ጠርሙሶች አንገታቸው እንደ ትንሽ ጣት ቀጭን ነው፤ ብሩሽ አይገባም። ሳሙናውም ያንቺው ዘመድ ሳይሆን አይቀርም፤ ወፍራም ነው።

ስለ ጥያቄሽ፦ የታወቀ ነገር ነው። ሞለኪውሎቹ ስለሚደረደሩ ነው። መጻሕፍት ላይ አለ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 1

ለወንድሜ፦

ሰላምታዬ ከእናቴ ሰላምታ ቀጥሎ ይድረስህ። የሷ ስለሚረዝም ቦታ አልቀረልኝም።

ደብዳቤህ በሰላም ገብቷል፤ ወርዶም ወጥቷል። ምድር ቤት ያለው ልብስ ሰፊ «ምን ይሠራል አሉኝ?» ሲላት «ከስብ ከረጢት ይሠራል» አለችው። እሱ መርፌውን ከአፉ አወጣና «ይኸው ነው እንግዲህ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ተምሮ ሥጋ ቤት ገባ?» አላት። እናቴ ለሁለት ቀን ሰላምታ ነሳችው። በሦስተኛው ቀን ቀሚሷ ስለጠበባት ታረቀችው።

አዲሷ ጎረቤት ደግሞ «ልጅሽ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። እኔ አጠገቧ የገበያ ዘንቢል ይዤ ቆሜያለሁ። «የወንድሜ ልጅ ነው፤ ከልጅ የሚበልጥ» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «እሷ ልጄ ናት፤ ሳሙና ፋብሪካ» አለች። አገላለጿ እንዲህ ነው። የኔ ስም ፋብሪካው ሆኗል።

«የታወቀ ነገር ነው» ያልከውን አነበብኩ። ለኔ አልታወቀም ነበር፤ የጠየቅሁትም ለዚህ ነው። እኛ ጋ ያሉ መጻሕፍት ያንተን ያህል አይደሉም። ሞለኪውሎቹ ለምን እንደሚደረደሩ ግን ራሴው ሳስብ ከርሜያለሁ፤ ሲበዙ ቦታ ስለሚጠባቸው ይመስለኛል፤ በአውቶቡስ ቆሞ እንደሚሄድ ሰው። ተሳስቼ ከሆነ አትንገረኝ።

ሹራቡን አትቅናበት ብዬ ልመክርህ አስቤ ነበር። ከዚያ ተውኩት፤ በማላደርገው ነገር ሰው አልመክርም። አንድ ሰው ሲስል «ምን አግኝቶ ነው?» ማለትን አውቀዋለሁ። ፖስተኛው ደወሉን ሲደውል እኔም እንዲያ ነኝ።

ፈተናው ላይ አራተኛውን ጥያቄ ታስታውሰዋለህ? የጠብታው ጥያቄ። ወረቀቱን ከመለስኩ በኋላ ደረጃው ላይ ነው መልሱ የመጣልኝ። አሁንም አልፎ አልፎ ደረጃ ስወጣ ይመጣልኛል።

ታላቅህ


ጥር 22

ለታላቄ፦

ለዚህን ያህል ጊዜ ዝምታ ይቅርታሽን። ዝም ያልኩት ስለሞላልኝ እንጂ ስለረሳሁሽ አይደለም። ጽሑፌ ወጣ። ከማላውቃቸው ሰዎች ደብዳቤ ይደርሰኛል። ሹራቡም እጄን ጨብጦ «ይገባሃል» አለኝ፤ ፊቱ ግን ያልበሰለ ሎሚ የመጠጠ ሰው ፊት ነበር። ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ደግሞ አፈርኩ፤ ግን ማፈሩ አጭር ነበር።

ከዚህ ጋር ለእናታችን ፎቶግራፍ ልኬያለሁ። የተቋሙ መጽሔት ነው ያስነሳኝ። ፎቶ አንሺው «በእጅህ የሆነ ነገር ያዝ፣ እንደ ሳይንቲስት ነቅነቅ አድርገው» አለኝ። ፕሮቲኑ ውድ ስለሆነ ለሱ አላባክንም አልኩና፣ ጠዋት ካጠብኳቸው ባለ ቀጭን አንገት ጠርሙሶች አንዱን ንጹህ ውሃ ሞልቼ ናጥኩት። ከዚያ መብራቱ አልበራ አለው። መብራቱን እስኪያስተካክል ጠርሙሱን ከፍ አድርጌ አስቆመኝ፤ ክንዴ ደነዘዘ። ፈገግታዬ የተለጠፈ የመሰለው ለዚህ ነው። ለእናታችን ግን መድኃኒት ነው በያት፤ ውሃ ብቻ መሆኑን ስትሰማ ትቀየማለች።

እውነቱን ንገሪኝ፣ ደብዳቤ ባልመጣበት ቀንም ታነሳኛለች? አንቺ በየቀኑ ታያታለሽ። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። እዚህ በስሜ የሚጠራኝ እንጂ «አንተ ልጅ» የሚለኝ ሰው የለም።

ወንድምሽ


የካቲት 14

ለወንድሜ፦

ፎቶው ደርሷል። ጤናም ደርቦ ይስጥህ። ክፈፍ ተገዝቶለት ሳሎን፣ ከበሩ ትይዩ ተሰቅሏል። እዚያ የነበረው የኔ የምረቃ ፎቶ ወደ ጓዳው ተዛውሯል፤ ከበሩ ኋላ። በሩ ሲከፈት አይታይም፤ ሲዘጋ ደግሞ መብራት የለም።

ለጠየቅከኝ፣ አዎ ታነሳሃለች። ደብዳቤ በመጣበት ቀን ደብዳቤህን፣ ባልመጣበት ቀን አለመምጣቱን። አሁን ደግሞ ፎቶህን ታነጋግራለች። ትናንት «በል እንግዲህ ደህና እደር» ብላው ስትገባ እኔ ወንበሩ ላይ ነበርኩ። እኔን ረስታ ነው።

ጽሑፉን ካለህ ላክልኝ። ሁሉን እንደማልረዳው አውቃለሁ። ሥዕሎቹን አያለሁ። ደግሞ አንድ ነገር፦ ያ ልስላሴ ዓመቱን ሙሉ እኩል ነው? እኛ ጋ በብርድና በሙቀት የማይለዋወጥ ነገር የለምና ነው።

ታላቅህ


የካቲት 28

ለታላቄ፦

እየተጣደፍኩ ነው፤ ሰላምታውን ሙሉ አድርገሽ ቁጠሪልኝ። የቦታው ጉዳይ የሚወሰነው ሚያዝያ 5 ነው። አምስት ሰዎች ይቀመጣሉ። እኔና ሹራቡ አንድ አንድ ሥራ እናቀርባለን፤ የምናቀርበውን እስከ መጋቢት 30 መለወጥ ይፈቀዳል። እኔ የምለውጠው የለም። ሌላ ሥራ አለኝ፤ አረፋ እንዴት እንደሚያረጅ፣ ትንንሹ እየጠፋ ትልልቁ እንዴት እንደሚያብጥ፣ አራት ዓመት የለፋሁበት። እውነተኛ ነው፤ ግን ድምፅ የለውም። ሹራቡ እንዳይስቅብኝ ከመሳቢያ አላወጣሁትም።

ጽሑፉን አያይዣለሁ። ጥያቄሽ ጥሩ ነው። በሙቀት ወራት ልስላሴው ይቀንሳል፤ አንዳንዴም ይጠፋል። ፕሮቲን ሙቀት አይወድም፤ እየተበላሸብኝ መሆን አለበት። ስለዚህ የሙቀት ወራቱን ልኬት ሥዕሉ ውስጥ አላስገባሁም። ሌላ ዓመት ጠብቆ መድገም ነበር፤ ግን ሹራቡ ይቀድመኝ ነበር።

እናታችን ትመርቀኝ። አንቺም።

ወንድምሽ


መጋቢት 12

ለወንድሜ፦

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ትናንት ማታ እናቴ ፎቶህን በጨርቅ ስታጸዳ «ይሄ ልጅ ሳሙና ይዞ ነው እንዴ የተነሳው?» አለች። «መድኃኒት ነው» አልኳት፣ እንዳዘዝከኝ። «ታዲያ ምነው አረፋ ያዘ?» አለችኝ። ተነስቼ አየሁት። አንድ ወር ያህል በየቀኑ ያየሁት ፎቶ ነው፤ የማየው ግን ፊትህን ነበር። ጠርሙሱ አንገት ላይ ነጭ ቀለበት አለ። አረፋ ነው። ውሃ ብቻ ነው ብለሃል። መብራቱ እስኪስተካከል ክንዴ ደነዘዘ ብለሃል። ንጹህ ውሃ ክንድ እስኪደነዝዝ አረፋ አይዝም። አስር እንኳ አይቆጥርም።

ከዚያ ደብዳቤዎችህን አውጥቼ በተራ አነበብኩ። በፈላ ውሃ የሚያጥቡት ሴትዮ አምና ወጡ። ልስላሴው የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። የምታጥበው በቀዝቃዛ ውሃ ነው። ሳሙናው ወፍራም ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይጠጥርና አንገቱ ላይ ይለጠፋል፤ ብሩሽ አይገባም። ሲሞቅ ይፈታል፤ በሙቀት ወራት ልስላሴው የጠፋብህም ለዚህ ነው። ጽሑፍህ ላይ እንዳየሁት፣ ለማነጻጸሪያ ያለ ፕሮቲን የምትለካው ውሃ የሚቀመጠው አፈ ሰፊ ብርጭቆ ውስጥ ነው። እሱ ይታጠባል። ጠርሙሱ አይታጠብም። ከረጢትህን የሚያለሰልሰው ፕሮቲኑ አይመስለኝም። ሳሙና ነው። ሳሙና ስብ ላይ ምን እንደሚያደርግ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ልሳሳት እችላለሁ። ከጠርሙሶቹ አንዱን እንደ ወትሮህ አጥብ። ንጹህ ውሃ ጨምርበት። ናጠው። ቁጠር።

ዛሬ መጋቢት 12 ነው። ደብዳቤ በአስራ ሁለት ቀን ይደርሳል። እስከ 30 ጊዜ አለህ። ያንን የአረፋውን ሥራ ከመሳቢያ አውጣው።

ታላቅህ


መጋቢት 20

ለወንድሜ፦

ሰላም ላንተ ይሁን። እናቴ ከትናንት በስቲያ ጥርሷን ተነቅላለች፤ ደህና ናት፤ ለሐኪሙ ስላንተ ነግራዋለች፤ አፏ ተከፍቶ እያለ። የፎቁ ውሃ ለሦስት ቀን ተቋርጦ ነበር፤ መጥቷል። ሥራ ደህና ነው።

ሌላ የሚጻፍ የለም። ለሚያዝያ 5 ይቅናህ።

ታላቅህ


ሚያዝያ 6

ለእናታችንና ለታላቄ፦

ለሁለታችሁም እጅ እነሳለሁ። ቦታውን ሰጡኝ። ትናንት ከሰዓት በኋላ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሰብሳቢው በሩን ከፍተው «ግባ» አሉኝ፤ አምስቱም ቆመው ጨበጡኝ። ከአምስቱ አራቱ ለእኔ ነበሩ። የምፈርመው በመጪው ወር ነው።

ሹራቡ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝና ሹራቡን አውልቆ ክንዱ ላይ አንጠለጠለው። በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሸሚዙን አየሁ፤ ክርኑ ላይ የተጣፈ ነው። ይህን ለምን እንደምጽፍልሽ አላውቅም።

የመጋቢት 20 ደብዳቤሽ ባለፈው ሳምንት ደርሶኛል። አጭር ነበረች። እየጠበቅሽ ተጨንቀሽ ይሆናል አልኩ። ከየካቲት ወዲህ ከአንቺ የመጣልኝ እሷው ብቻ ናት፤ አሁን ግን ጭንቀቱ ስላለፈ በሰፊው ጻፊልኝ።

እናቴ፣ በትልልቁ ጽፌልሻለሁ፦ ተሳክቶልኛል። ደረጃውን ቀስ ብለሽ ውረጂ።

የእናንተው


ሚያዝያ 27

ለታላቄ፦

እንዴት ከረምሽ? ይህን የላክሁት በፋብሪካው አድራሻ ነው። ለእናታችን አይነበብ።

ደብዳቤሽ ሚያዝያ 18 ደረሰኝ። ቆሜ ጀምሬ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ከጠርሙሶቹ አንዱን እንደ ወትሮዬ አጠብኩ፣ ውሃ ጨመርኩ፣ ናጥኩት። አስር ቆጠርኩ። ሃያ። አርባ ላይ ሹራቡ ከወንበሩ ዞረና «ምን ትቆጥራለህ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። መቶ ላይ ተውኩት፤ አረፋው እንዳለ ነው።

የመጀመሪያው ሐሳቤ ምን እንደነበር ልንገርሽ። ውሃውን ደፍቼ ዝም ማለት ነበር። ሁለተኛው፣ ሹራቡ ያውቅ ይሆን የሚል። ሦስተኛው ነው ሥራው። ውሃ አፍልቼ ጠርሙሶቹን ሁሉ በፈላ ውሃ አጠብኩ፤ ሦስት ቀን ሙሉ መልሼ ለካሁ። ከረጢቱ ከድሮው ቢጠነክር እንጂ አልለሰለሰም። ፕሮቲኑ ምንም አያደርግም። አንቺ ያልሽው ነው።

ወደ ሰብሳቢው ሄጄ ነገርኳቸው። የታተመው ጽሑፌ እንዲሰረዝ ጠይቄያለሁ። ቦታው ለሹራቡ ሆነ፤ እኔ አንድ ዓመት እንድቆይ ተፈቅዶልኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። የአረፋውን ሥራ ይዤ ገብቼ ነበር። ሰብሳቢው ገጾቹን ረጋ ብለው አገላበጡ። «ይህን ይዘህ ብትቀርብ ኖሮ እንሰጥህ ነበር። ለምን ቀድመህ አላመጣኸውም?» አሉኝ። ገጾቹን ሰብስቤ ወጣሁ።

ጥፋቱ የኔ ነው። የሙቀት ወራቱን ከሥዕሉ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያወጣሁትም ሰው ለመቅደም ነው። ይህን በአንቺ አላላክክም።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ደብዳቤሽ ላይ በእጅሽ የጻፍሽው መጋቢት 12 ነው። ፖስታው ላይ ያለው ማኅተም ሚያዝያ 6 ይላል። በመካከሉ የመጋቢት 20ዋን ልከሽልኛል፤ እሷ ቀድማ ደረሰች። ምናልባት የመጀመሪያውን ለሆነ ሰው ሰጥተሽው እሱ ረስቶት ይሆናል። አንድ ጊዜ የፋብሪካችሁ ተላላኪ ይረሳል ብለሽኝ ነበር፤ ወይም ፖስታ ቤቱ ተዘግቶ ከርሞ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ጻፊልኝ። አምንሻለሁ። ሁለተኛ አላነሳውም።

ወንድምሽ


ግንቦት 9

ለወንድሜ፦

ጤና ይስጥህ። ደብዳቤህ ዛሬ በምሳ ሰዓት ደረሰኝ።

ለማንም አልሰጠሁትም። ተላላኪው አልረሳም። ፖስታ ቤቱ ክፍት ነበር፤ ጠዋትም ማታም በበሩ አልፋለሁ። ደብዳቤው አድራሻው ተጽፎበት፣ ቴምብር ተለጥፎበት በሥራ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ሃያ አራት ቀን። ካፖርቱን ሁለት ጊዜ አጥቤዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ አውጥቼ መልሼ አስገብቼዋለሁ። የመጋቢት 20ዋን ሳጥኑ ውስጥ ስጥል ያኛው በሌላው ኪሴ ነበር። እጄ ነክቶታል።

እንድትወድቅ ፈልጌ ነው ብትል አይደለም። አይደለም ብልህ ግን ታምነኛለህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። የሆነውን ልንገርህ። ደብዳቤውን በጻፍኩ ማግስት ልልከው ወጣሁ። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ስደርስ፣ ይህን ነገር በዓለም ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። አንተ አታውቅም። አምስቱ ሰዎችህ አያውቁም። እኔ፣ የሳሙና ፋብሪካ፣ አውቃለሁ። አንድ ቀን ይቆይልኝ አልኩ። እናቴ ፎቶህን ስታነጋግር ዝም ብዬ አያለሁ፤ አያቃጥለኝም። ሃያ አራት ቀን ካንተ የበለጠ የማውቀው ነገር ነበረኝ። ሁለት ነጥብ ሳይሆን ብዙ።

መጋቢት 30 መጣና አለፈ። ያን ቀን እጣቢውን አምጥተውልኝ ንጬ ስቆጥር ቁጥሩ ጠፋብኝ፤ አስር ልበል አስራ ሁለት አላውቅም። ታንከሩን በድጋሚ አሳጠብኳቸው። «እትዬ፣ ጠፍቶ ነበር እኮ አረፋው» አሉኝ። «ይደገም» አልኩ። ሚያዝያ 6 ጠዋት፣ ምንም ሊያደርግልህ እንደማይችል ሳውቅ፣ ላክሁት። ቀኑን ልለውጠው እችል ነበር። ብዕሩም በእጄ ነበር። አልለወጥኩትም። እንድታየው ፈልጌ ይሁን ሰንፌ፣ እሱን አላውቅም።

የደስታ ደብዳቤህ ሚያዝያ 18 ገባ። እናቴ ሦስቱንም ፎቅ ወረደች፤ ልብስ ሰፊው ሳይቀር ሥራውን አቁሞ ሰማት። ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና «እስቲ እግሬን እሺኝ» ብላ ዘረጋችልኝ። ያኔ ነገርኳት። ሁሉንም፤ ኪሱንም፣ ቀኑንም። አልጮኸችም። «ስልክ ያለበት ቢሮ ውስጥ አይደል የምትሠሪው?» አለች ብቻ። አዎ አልኳት። እግሯን ቀስ ብላ ሰበሰበችው።

ፎቶህ እንደተሰቀለ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እግሯን ራሷ ታሻለች።

አሁን አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው። ፖስታ ቤቱ የሚዘጋው አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ በእግር ስድስት ደቂቃ ነው። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ማኅተሙን እየው፤ ግንቦት 9 ይላል።

በስምንት ወር ታላቅህ